ድምፅ ቁጥር ዐሥራ አራት

ማንደፍሮ ድምፁን የመረጠው ከዝርዝር ውስጥ ነው። ማገገሚያው በገባበት ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሃያ የወንድ ድምፆች የተደረደሩበት ሰሌዳ አምጥታ አንዱን እንዲነካ ጠቆመችው። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ምንም ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ሃያውም አንድ ናቸው። ከየድምፁ አጠገብ ግን ትንሽ የሰው ምስል ነበረ፤ የዐሥራ አራተኛው ሰውዬ ጢም የአባቱን ጢም ስለመሰለው እሱን ነካ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጢማሙ ሰውዬ በእሱ ፈንታ ሲናገር ከረመ።

ማገገሚያው ያለው በገደል ከተማ ነው። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ደረጃ በደረጃ የተሠራች ስትሆን፣ ከሰፈር ሰፈር የሚኬደው ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሳጥን ነው። በዚያ ዘመን ኩላሊቱም ጉበቱም በፋብሪካ ይታተማል። ለአረቄ ግን መላ አልተገኘለትም። አረቄ ያሸነፈው ሰው እንደ ድሮው ከብጤዎቹ ጋር ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ የሆዱን ያወጣል፣ የሌላውን ያዳምጣል። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን የፈጠረ የለም።

ማንደፍሮን ክቡ ውስጥ ያስገባው «ቃል-አድርስ» የሚሉት መሣሪያ ነው። ጣሪያው ላይ የተሰኩ፣ ምስር የሚያካክሉ ዐይኖች እጁን እያነበቡ የምልክት ቋንቋውን በዐሥራ አራተኛው ድምፅ ያሰሙለታል። ሌሎቹ ሲናገሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ «ጥላ» የተባለ የብርሃን ሰው ብቅ ብሎ ያሉትን በእጁ ይነግረዋል። ከዐሥራ ሁለቱ ታካሚዎች መካከል መስማት የተሳነው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ጥላው ሌላ ተመልካች የለውም።

ሰው ደግሞ ጥላውንና ተናጋሪውን ባንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ወደ ሰውዬው ዞር ሲል ወሬው ያመልጠዋል። ስለዚህ ማንደፍሮ ሰማንያ ስድስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። አቶ ጉልላት፣ የቀድሞ የገመድ ሳጥን ነጂ የሆኑት ሽማግሌ፣ ሰክረው በነዱበት ቀን የገዛ ልጃቸውን እግር እንዳሳጡ የተናገሩ ዕለት ጥላው ነገሩን የምግብ ሰዓት የሚያስታውቅ ያህል ረጋ ብሎ ነገረው። ማንደፍሮ ዘወር ሲል ሽማግሌው ንግግራቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። መሐረባቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ብቻ አየ።

እሱም የራሱን ተናግሯል። በሃምሳኛው ቀን ገደማ ተነሥቶ፣ «ትናንት ከጽዳት ክፍል የአልኮል ጠርሙስ አንሥቼ አንድ ሰዓት ያህል ታቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። ማንም አልነበረም» አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሃል ላይ ዕንባ ቀደመውና አቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ ሰዎቹ ሁለት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አርገበገቡለት። እንደዚያ አድርገው ለመስማት ለተሳነው ሰው ማጨብጨብን ክቡን የምትመራው ሲስተር ጥሩአየር አስተምራቸዋለች። ፈገግ ብለውም ነበር። አንድም ሰው ተነሥቶ ትከሻውን አልነካውም። «የእነዚህ ሰዎች ልብ ከምን ተሠራ?» አለ ለራሱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ብቻውን ይበላል።

ታካሚ የሚሰናበተው በዘጠናኛው ቀን ነው። መዳኑን የሚለካው ቃል-አድርስ ሲሆን የሚለካውም በድምፅ መርጋት ነው፤ የመጨረሻው ልኬት ከስንብቱ ዕለት ንግግር ይወሰዳል። ማንደፍሮ እስከ ሰማንያ ስድስተኛው ቀን ከመቶው ዘጠና ስድስቱን አግኝቷል። በማገገሚያው ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አይታወቅም። አራት ቀን ቆይቶ ወደ ጨው ሜዳው፣ የፀሐይ መስተዋት ወደሚጠብቅበት ሥራው ይመለሳል። እዚያ ሰው የሚባል የለም፤ በየማክሰኞው ስንቅ የሚያመጣው መኪና ግን አረቄም ይዞ ይመጣል። ከሄደ እንደሚጠጣ ያውቃል። የታተመ ጉበት ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንዴ ነው፣ እሱ ድርሻውን ወስዷል።

«ሲስተር፣ አልተዘጋጀሁም» አላት። «ከወጣሁ እሞታለሁ።»

ሲስተር ጥሩአየር ደግ ሴት ናት። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ መለሰችለት፤ ጥላውም፣ «አቶ ማንደፍሮ፣ ትሕትናዎ ደስ ይላል። ግን እንደ እርስዎ የረጋ ሰው በእኔ ዘመን አላየሁም» ሲል ነገረው።

በማግስቱ ጠዋት ከሸለቆው የወጣ ጉም በተከፈተው መስኮት ገብቶ ጣሪያው ላይ ያሉትን ዐይኖች ሸፈነ። ማንደፍሮ ንግግሩ መሃል ላይ ሳለ ሰው ሁሉ ድንገት ቀና አለ። አንዷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ጥላውም ተቆራርጦ ጠፋ። ዐሥራ አራተኛው ድምፅ ሲጮኽ ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለማንደፍሮ ድምፁም ባዳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ የምትባል የጥገና ሠራተኛ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስንዱ የጣሪያውን ዐይኖች አንድ በአንድ ወልውላ ስትጨርስ ሰሌዳዋ ላይ ጻፈችለት፦

«ጋሼ፣ እስቲ ያሻዎትን ይበሉ፤ ዐይኖቹ በትክክል ያነብቡ እንደሆን ልይ።»

ማንደፍሮ ስለ መስተዋቶቹ፣ ስለ ጨው ሜዳው ንፋስ ተናገረ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመሮች ተሰመሩ። ላይኛው ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይቆማል። ታችኛው ወጥ ነው።

«የትኛው ነው የኔ?» ሲል በጣቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

«ላይኛው የእጅዎ ነው። ታችኛው የወጣው ድምፅ።»

«ለምን አይመሳሰሉም?»

«ማለስለሻ አለበታ! መጀመሪያ ጊዜ፣ አረቄ ያቆመ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ድምፁም አብሮ እየተንቀጠቀጠ ሰሚው ተረበሸ። ለሰሚው ታስቦ ተገጠመ። መንቀጥቀጡን ያጠፋል፤ እጅ ቆም ሲልም ባዶውን ቆርጦ ይጥለዋል።»

«እኔ ሳለቅስ ነው እጄ የሚቆመው።»

ስንዱ ላይኛው መስመር የቆመበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው።

«ፊቴንስ?» አላት። የምልክት ቋንቋ እኩሌታው ፊት ላይ ነው፤ ፊቱን ያላየ ሰው ቃሉን እንጂ ነገሩን አላገኘም።

«ዐይኖቹ የሚያዩት እጅ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

የሃምሳኛውን ቀን መዝገብ እንድታወጣለት ለመናት። አወጣችው። ጠርሙሱም፣ አንድ ሰዓቱም፣ «ማንም አልነበረም»ም ሁሉም አለ። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተዛባም።

«ድምፁ ምን ይመስላል?»

ስንዱ ከፈተችና ሰማችው። ደጋግማም ሰማችው። «ዜና አንባቢ ነው የሚመስለው» ብላ ጻፈች። «ደስ የሚል ድምፅ ነው። እዚህ ምን ብለው እንደሚጠሩዎት ያውቃሉ? አለቱ ነው የሚሉዎት። ዘበኛው እንኳ ነግሮኛል፤ አለቱ የሚባል ሰው አለ፣ ምንም አይበግረውም እያለ።»

ማንደፍሮ ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። አዘነ። ከሁሉ ያሳዘነው ሰዎቹን በሆዱ ሲያማቸው መክረሙ ነበር። አለት ነው የተባለን ሰው ማን ያጽናናዋል? የአቶ ጉልላትስ ነገር? ጥላውም ማለስለሻ እንዳለበት ሲጠይቃት ስንዱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሽማግሌው የልጃቸውን እግር ሲናገሩ ምን ሆነው እንደነበር አላየም።

«አጥፊልኝ» አላት።

«ማለስለሻውን ብቻ ለማጥፋት የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወር ይፈጃል። እስከ ስንብትዎ አይደርስም። ዐይኖቹንና ጥላውን በሙሉ ማጥፋት ግን እችላለሁ፤ ጥገና ላይ ነው እላለሁ። ያኔ ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ለማንም አይገባም። እነሱ የሚሉትም ለእርስዎ አይገባም።»

ማንደፍሮ ባዶ ወንበሮቹን አየ። «በስንብቴ ቀን አጥፊው።»

በዘጠናኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ተሰናባቹ ክቡ መሃል ቆመ። ጥላው የለም። ማንደፍሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጠና ሰዎቹን አየ። ፊታቸው ላይ የተኛውን ድካም፣ የነከሱትን ከንፈር፣ ጉልበታቸው መሃል የሸሸጉትን እጅ አየ። ለካ የሚንቀጠቀጠው እሱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ መናገር ጀመረ።

ስለ ጠርሙሱ ደግሞ ነገራቸው። ስለ ማክሰኞው መኪና ነገራቸው። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ዕንባው ወረደ፣ ቀጠለ። ያለው ለማንም አልገባም፤ ለማጨብጨብ እጁን ያነሣም የለም። ሲስተር ጥሩአየር ሰሌዳዋን ይዛ ልትጠጋው ስትል እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ፊቱን ነበር የምታየው።

አቶ ጉልላት ተነሡ። መጡና ሁለት እጁን ጥርቅም አድርገው ያዙት። ሰሚ ሰው ይህን አያውቅም፤ በእጁ የሚናገርን ሰው እጁን መያዝ አፉን መክደን ነው። ልጅ ሳለ አንድ መምህር እጁን ከወንበር ጋር አስሮ «ተናገር» ይለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጁን የያዘውን ሁሉ መንጭቆ ነው የሚያስለቅቀው። የሽማግሌው እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። የእሱም ይንቀጠቀጣል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተውና ሳይመነጭቅ ቀረ። ሽማግሌው ግን ፊቱን አይተው ነው መሰለኝ ወዲያው ደንግጠው ለቀቁት። በአገጫቸው «በል ቀጥል» የሚል ምልክት አሳዩትና እዚያው አጠገቡ ቆሙ። ማንደፍሮ እስኪበቃው ተናገረ።

ሲጨርስ የሲስተር ሰሌዳ በራ። እሷ ካነበበች በኋላ አዙራ አሳየችው፦ «ታካሚው በስንብቱ ቀን አልተናገረም። ውጤት፦ ዜሮ። ማሰናበት አይቻልም።»

ሲስተር ጥሩአየር ዕንባዋን በአይበሉባዋ ጠረገች። ውጤቱ ተሳስቷል ብላ ማረም ትችል ነበር። ማጽደቂያውን ተጫነችው። ከሥሩም፣ «እንግዲህ መሣሪያው ካለ ምን እናደርጋለን፤ አልጋዎ አልጋዎ ነው። በምልክት ቋንቋ የሚያወራ ሰው እስካገኝልዎ አሥር ጊዜም ቢሆን ዜሮ ያምጡ» ብላ ጻፈችለት።

አቶ ጉልላት ክንዱን ነካ አደረጉት። አመልካች ጣታቸውን አቁመው ደረታቸው ፊት ሲያዞሩ አያቸው፤ ሲናገር ከሁሉ አብዝቶ ያደረገውን ምልክት ማስመሰላቸው ነበር። ቅንድባቸውን አንሥተው «ይቺ ምንድን ናት?» የሚሉ መሰሉ።

ማንደፍሮ የሲስተርን ሰሌዳ ተቀብሎ ጻፈ። «ብቻዬን።»

ሰሌዳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያነበበ ሁሉ ጣቱን እያቆመ ሞከረ፤ የተሳሳተውን አጠገቡ ያለው አረመው። ማንደፍሮ መሃላቸው ቆሞ እያንዳንዱን ፊት አየ። አሥራ አንድ ሰዎች፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ አንድ ላይ «ብቻዬን» ይሉ ነበር።