ዝማሬ ያረጠበችው ከበሮ

ልጆች፣ ይህን ታሪክ ሲነገር የሰማሁት ነው፤ አንዳንዱ ነገር ላይ ተሳስቼ ይሆናል። ዝማሬ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሰባትም ሊሆን ይችላል። ቤቷ ጎንደር ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አባቷ መሪጌታ ህሩይ ናቸው። ስለዚህ በንግሥ ቀን የሕፃናቱን ከበሮ የምትመታው እርሷ እንደምትሆን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተናግራ ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ እኅት ታየች ግን ከበሮውን ለየትነበርሽ ሰጧት። የትነበርሽ በቅርቡ ከኮሶዬ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት።

«የመሪጌታ ልጅ፣ ከበሮሽ ወዴት ሄደ?» አላት የሰፈሯ ልጅ ምንይችል። ልጆቹ ሳቁ።

የዝማሬ ጆሮዋ ጋለ። እናንተስ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ቅናት ሲመጣ እንዲህ ያደርጋል። ያን ጊዜ ለአንድ ሰው «ቀናሁ» ብትል ኖሮ ይቀልላት ነበር። እርሷ ግን ለማንም አልተናገረችም።

በንግሡ ጧት፣ ቆዳው እንዲወጠር ከበሮው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ዝማሬ ግራ ቀኙን አየችና አንድ ጣሳ ውኃ አፈሰሰችበት። ቶሎ ብላም በነጠላዋ ጠረገችው።

መዝሙሩ ተጀመረ። የትነበርሽ ስትመታው ከበሮው ትራስ የተመታ ይመስል ድምፁ ታፈነ። እጇ እስኪቀላ መታችው። ልጆቹ ከዜማው ወጡ፤ ሰዉም ማጉረምረም ጀመረ። የትነበርሽ ከበሮውን አስቀምጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄደችና አለቀሰች።

ዝማሬ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ ግን አላላትም። ቀና ብላ ሰው ማየት አቃታት። ቀስ ብላ ተከተለቻት።

«ምነው እጄ እንዲህ ሆነ?» አለች የትነበርሽ። «ኮሶዬ ሳለሁ ሸጋ አድርጌ እመታ ነበር።»

«እጅሽ አይደለም» አለች ዝማሬ፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ቆዳውን ያረጠብሁት እኔ ነኝ። ቀንቼብሽ ነው።»

የትነበርሽ ፊቷን ወደ እርሷ አዞረች። ከዚያ «ለእኅት ታየች ትነግሪልኛለሽ?» አለቻት።

ዝማሬ ነገረቻቸው፤ አባቷ ባሉበት፣ ምንይችልም እየሰማ። አባቷ አልተቆጡም፤ አንገታቸውን ደፉ። እርሷን ግን ይህ ከቁጣ ይልቅ አሳፈራት።

እኅት ታየች የዝማሬን እንባ ጠረጉና «ቅናትሽን በመጣብሽ ቀን ብትነግሪኝ አልቆጣሽም ነበር» አሏት። ዝማሬም የትነበርሽን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት።

ልጆች፣ ቅናት ወይም ንዴት ሲይዛችሁ፣ እጃችሁ ክፉ ሳይሠራ ለምታምኑት ሰው ተናገሩት።

የትነበርሽን በኋላ አግኝቼ ጠይቄአታለሁ፤ ዝማሬ ያን ቀን እውነቱን ባትነግራት ኖሮ ዳግመኛ ከበሮ እንደማትነካ ነገረችኝ።