አሮጌው ማዘርቦርድ የረሳው

ሟቹ በጥገና ክፍሉ ውስጥ፣ በመሥሪያ ጠረጴዛውና በብረት መደርደሪያው መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የመደርደሪያው ማዕዘን ደም ነክቶታል፤ የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ከነክሩ ተነቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል።

ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና መጀመሪያ ያየችው ባሏን አልነበረም፤ ኮምፒውተሩን ነበር። የዚያችን ልጅ ኮምፒውተር። ዓይኗን ጠላችው።

የሕንፃው ሰው ባሏን «ዶክተሩ» ይለው ነበር፤ ሞተ የተባለውን መሣሪያ ሁሉ ስለሚያስነሳ። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ሸሪኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ዶክተሩ የለም?» የሚሉትን ደንበኞች ሲያስተናግድ ይውል ነበር።

«ምሳ በልቼ ስመለስ ክፍሉ ጨልሟል፣ የኤሌክትሪክ ብሬከሩ ወርዷል» አለ ሸሪኩ። «መልሼ ሳነሳው መሬት ላይ አየሁት። ጮህኩ፤ ሰው ወዲያው ደረሰ።»

«ኮምፒውተሩን ነካኸው?» አሉ መርማሪው። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው።

«ኧረ ምን በወጣኝ! መብራቱ ሲመጣ በራሱ ተነሳ። እስክሪኑን ይዩት፤ በዚህ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ሰክቶ ከልኩ በላይ ሲያስሮጠው ነበር። ቦርዱ አይችልም ብዬው ነበር እኮ! ብልጭ ብሎ መብራቱን ሲያጠፋበት ደንግጦ ወደ ኋላ ወደቀ።»

«የሸሚዙን ቁልፍስ ማን ነቀለው?»

ሸሪኩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ትናንት እዚህ መጥታ ስትጮህበት ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። በልጅቷ ነገር።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ተከለ።

ልጅቷ ተጠርታ መጣች። ለመመረቂያዋ አኒሜሽን የምትሠራ ተማሪ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ሚስትየዋ እብጠቱን አይታ፣ ከእኔ በላይ እንድታለቅስ ማን ፈቀደላት አለች በልቧ።

«ፍጥነቱን ጨምርልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች ተማሪዋ። «እሱ ግን እንቢ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ይችላል፤ የቦርዱ ኃይል መጋቢ ክፍሎች ግን ማቀዝቀዣ የላቸውም፣ ይቃጠላሉ አለኝ። ‹ይሆናል፣ እኔ እሠራልሻለሁ› ያለኝ ሸሪኩ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ዶክተሩ ሳቀበት። በእኔ ፊት።»

መርማሪው ሚስትየዋን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት።

«ቀናተኛ ነሽ ይባላል፣ እህቴ።»

«ነኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ ከነማሸጊያዋ ያለች ክብ ባትሪ አወጣች። «የሰዓት መደብር ሻጭ ነኝ። የልጅቷ ቦርድ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የተሞላለትን ሁሉ ይረሳል፣ አምጪልኝ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ይዣት መጣሁ። ልሰጠው ስል ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ ስትስቅ አየኋትና ‹ረሳሁት› አልኩት። ከዚያ በኋላ በጠየቀኝ ቁጥር ረሳሁት እለዋለሁ። ብሰጠው ሥራው አልቆ ልጅቷም ትሄድ ነበር፤ ያኔ ግን ይህ አልታየኝም።»

«ሸሪኩ ባትሪው መሞቱን ያውቃል?»

«እሱ? የባሌን ሥራ ዞር ብሎም አያይም።»

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰቡ።

«እስክሪኑ ላይ ያለውን ፍጥነት ሁላችሁም ታያላችሁ» አሉ። «ሟቹ አላደርገውም ያለው ነው።» ጎንበስ ብለው የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉ። ድምፁ ጸጥ አለ። መልሰው ሰክተው አስነሱት።

እስክሪኑ በራ። ሰዓቱ ቦርዱ ወደተሠራበት ዓመት ተመልሷል፤ ፍጥነቱም ፋብሪካው ወደሰጠው ቁጥር ወርዷል።

«ባትሪው የሞተበት ቦርድ እንዲህ ነው። እንግዲህ ብሬከሩ ወርዶ ከነበረ፣ ይህ ቁጥር የገባው መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ቁጥር አያስገባም። ብሬከሩ ካልወረደም ዋሽተኸናል። ‹ብሬከሩን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ወዲያው ደረሰ› ያልከው አንተ ነህ። ‹ቦርዱ አይችልም ብዬው ነበር› ያልከውም አንተ፤ ይችላል ብለህ የተሳቀብህም አንተ።»

ሸሪኩ ወደ እስክሪኑ ተጠጋ።

«ባትሪ…» አለ። «በባትሪ!» ወደ ተማሪዋ ጠቆመ። «በእሷ ፊት መሳቂያ አደረገኝ። ዛሬ ሸሚዙን ይዤ ይቅርታ በለኝ አልኩት፤ ደግሞ ሳቀ። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። እኔ ሳልኖር ቦርዱ አስደንግጦት የወደቀ ይምሰል ብዬ…»

ሲወስዱት ልጅቷን ዞሮ አያት። እሷ ግን ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

«ባትሪውን በመጣሁ ቁጥር እጠይቀው ነበር» አለች ተማሪዋ። «‹ባለቤቴ ታመጣዋለች፣ እሷ ነገር አትረሳም› ይለኝ ነበር።»

ሚስትየዋ ባትሪዋን በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«አልረሳሁም» አለች።