ከቀላሏ ስቴሽን ሥር

ሀይደርን ያገኘው ረጀብ ነው። ከዙህር ሰላት በኋላ ሁሉም ሙቀቱ እስኪበርድ ሊጋደም ሄዶ ነበር። ረጀብ ቀድሞ ተመልሶ ወርሻ የሚሉትን ጋራዥ ቆርቆሮ በር ሲገፋ፣ ከስቴሽን መኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው አየ።

"ሀይደር?"

ጎንበስ አለ። ክሪኩ ወድቋል። የመኪናዋ ወለል ደረቱ ላይ ተኝቷል። ከራሱ ሥር ያለው ካርቶን ደም ጠጥቶ ጠቁሯል።

ጮኸ። ሀፍቶምና ዘይኔ ከማደሪያው እየሮጡ መጡ። መኪናዋን ለሦስት ብድግ አድርገው ጎተቱት። በድን ነው።

ወርሻው ያለው ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አል-ሙወሰም ዳር፣ የየመን ተራሮች ከሚታዩበት ሜዳ ላይ ነው። ባለቤቱ ፉአድ የሚባል የአገሩ ወጣት ነው። አርብ አሸዋ ኮረብታ ላይ አሮጌ መኪኖች ይሽቀዳደማሉ። ፉአድ ለትልቅ ሞተር አቅም ስላልነበረው የመኪናዋን ክብደት መቀነስ መረጠ። ወንበሩን፣ በሩን፣ መስታወቱን አስወለቀ፤ በመስታወቱ ፈንታ ስስ ፕላስቲክ አዘዘ። በያጁ ሀይደር ነበር።

ፉአድ ደርሶ ሬሳውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

"ክሪክ ነው። የአላህ ቀደር ነው። ኸላስ፣ ዛሬውኑ ቅበሩት" አለ በዓረብኛ። "ሹርጣ ከመጣ እናንተም ትታፈሳላችሁ፣ እኔም ያለ ኢቃማ ስላሠራኋችሁ እታሰራለሁ።"

እውነቱን ነው። ያን ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ሦስት ማብቂያ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ እንደ አውሬ ይታደን ነበር።

ረጀብ ሬሳውን ብቻውን ሊያጥብ በር ዘጋ። ደሴ ላይ ወንጀል መርማሪ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ አለቃውን በጥፊ መትቶ ነው አገር የለቀቀው። እጁ እያጠበ ዓይኑ መረመረ።

የጎድን አጥንቱ ደህና ነው። የራስ ቅሉ ግን ከኋላ ተፈርክሷል። በጀርባው ተኝቶ የሚሠራ ሰው ከኋላው በምን ተመታ? ደግሞስ ሞተሯ የወረደ፣ ሦስት ሰው የሚያነሳት ቀፎ ይህን ታደርጋለች?

ገላበጠው። ጀርባው ሙሉ ተቃጥሎ የዳነ ጠባሳ ነው። ሀይደር ሽንት ቤት እንኳ ሸሚዙን ሳያወልቅ የሚታጠበው ለምን እንደነበር አሁን ለረጀብ ገባው።

ወጥቶ የዕቃ መደርደሪያውን ፈተሸ። ሁሉም ዕቃ በግራሶ ተለውሷል። አንዱ ትልቅ መዶሻ ብቻ በቤንዚን ታጥቧል።

ፉአድ? ባለፈው ሀይደርን በቱቦ ገርፎታል። ነገር ግን ውድድሩ አርብ ነው፤ በያጁን ገድሎ መኪናዋን በማን ሊያስጨርስ?

ሀፍቶምን ጠራው።

"ቡጢህ ለምን አበጠ?"

"ጧት ከሀይደር ጋር ተማታን፣ ጋሽ ረጀብ። የፕላስቲክ ቁራጭ አንድጄ ሻይ ላፈላ ስል እሳቱን በእግሩ በተነብኝ። 'ይህ ሽታ ይገድለኛል' አለኝ።"

"ማን ገላገላችሁ?"

"ዘይኔ። 'ያላ፣ ያላ፣ በቃ!' ብሎ አምባረቀ። ሁልጊዜ ሲያንሾካሹክ ነው የማውቀው። ሀይደር ድምፁን ሲሰማ ደርቆ ቀረ። ከዚያ 'ይህ ሰውዬ በየት በኩል ነው የመጣው?' ብሎ ጠየቀኝ።"

ዘይኔ በቅርቡ የተቀጠረ፣ ሰላቱን የማያስተጓጉል ሰው ነው። ረጀብ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"በየት በኩል ገባህ?"

"በባህር። አሽ-ሹቀይቅ ዓሣ አጥማጆች ጋ ነበርኩ።"

"ሐረድን ታውቃታለህ?"

"የት ነች እሷ?"

"የመን። ሀይደርን እዚያ ደላሎች ለገንዘብ አስረውት እንደነበር ነግሮኛል።"

"አላህ ይዘንለት፣ አያ ረጀብ። ጀርባውን እንደዚያ በቀለጠ ፕላስቲክ ተቃጥሎ ተርፎ፣ እዚህ ይሙት?"

"ጀርባውን መቼ አየኸው?"

ዘይኔ ወደ መደርደሪያው አፈገፈገ።

"ያጠብኩት ብቻዬን ነኝ። በምን እንደተቃጠለ ደግሞ እኔም አሁን ካንተ ሰማሁ።"

መዶሻው ከመደርደሪያው ሲነሳ ረጀብ ራሱን ብቻ ነው ያዳነው። ትከሻው ቀጭ አለ። ሁለተኛው ምት ሳያርፍበት ሀፍቶም የዘይኔን ጉልበት በቱቦ አነከተው፤ ወድቆ ሲጮህ ደረቱ ላይ ወጥቶ አንገቱን አነቀው።

"ተው! ይናገር!" አለ ረጀብ።

ዘይኔ ደም ተፋ።

"እኔም ሐረድ እስረኛ ነበርኩ። ደላሎቹ 'ወይ አቃጥል፣ ወይ ተቃጠል' አሉኝ። የማቃጥላቸው ሰዎች ዓይናቸው ስለሚታሰር ፊቴን አያውቁም። ሀይደር ድምፄን አወቀ። 'ለወሎ ልጆች ሁሉ እነግራለሁ' አለኝ። ቢሰሙ ይዘለዝሉኛል። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ መታሁት።"

"ስንት ሰው አቃጠልክ?"

"አልቆጠርኩም።"

ሀፍቶም በረሃ ወስደን እንጨርሰው አለ። ፉአድም ድንበር አሻግሬ እጥለዋለሁ አለ። ረጀብ በደህናው እጁ ስልኩን አወጣ።

"ሀፍቶም፣ አንተ ወደ አድ-ዳኢር ተራራ ውጣ። የቡና እርሻ ላይ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ልደውል ነው።"

ሀፍቶም ግንባሩን ስሞት ሄደ። ፉአድ እየተሳደበ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

የመጣው የፖሊስ መኮንን ሬሳውን፣ መዶሻውን፣ በገመድ የታሰረውን ዘይኔን አየ።

"የደወልከው አንተ ነህ? ኢቃማ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ለምን ደወልክ?"

"ሰው ተገደለ" አለ ረጀብ።

ቃሉን ሰጥቶ፣ እስር ቤት ከርሞ፣ ትከሻው ጠሞ ወደ አገሩ ተጠረዘ። ቤቱ ሳይገባ ባቲ ወረደና የሀይደርን እናት ሀጂራን አገኛት። ሁሉንም ነገራት። ጠባሳውን ብቻ ዘለለው።

"ገዳዩ ተይዟል፣ እናቴ። የአገራችን ልጅ ነው።"

ሀጂራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"እናት አለችው?"

"አልጠየቅኩትም" አላት ረጀብ።