ጉማሬዋ ታንኳውን የገለበጠችበት ማለዳ

ሰገነት ሰሌዳው ላይ «ሀ»ን በትልቁ ጽፋ ዞር ስትል፣ ከኋለኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ረጅም ወጣት አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ሲል አየችው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ምንም።»

«ስምህ ማን ነው?»

«አለበል።»

«እንግዲያው አለበል፣ ናና ይህችን ፊደል ጻፋት።»

መጣ። ጠመኔውን ተቀበላት። የጻፈው ነገር ግን ፊደል ሳይሆን የተሰበረ እርፍ ይመስል ነበር።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አላት።

ሰገነት ተጠግታ እጁን በእጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ አስጻፈችው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። ለምን እንደሳቁ አልገባትም። ብቻ ፊቷ እሳት መሰለ።

ጊዜው ደርግ አገሩን ሁሉ ፊደል ለማስቆጠር ዘመቻ ያወጀበት ነው። ሰገነት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ለመሠረተ ትምህርት ተመደበችና አባይ ከጣና ከሚወጣበት ማዶ ወዳለች አንዲት የሐይቅ ዳር መንደር ተላከች። ተወልዳ ያደገችው አዋሳ ነው። አባቷ አቶ አስናቀ መካኒክ ናቸው። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አግኝተው ቤተሰቡን ጠቅልለው ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም።

ነገሩ የገባት እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሳለ፣ ከማኅሌቱ የሚወጣው አንዱ ድምፅ የምታውቀው መሰላት። አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ያ እጁ አልታዘዝ ያለው ልጅ ጸናጽል ይዞ፣ ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ጎን ቆሞ ያዜማል።

«የመሪጌታ ልጅ ነው እኮ» አለቻት አጠገቧ ያለች ሴት በሹክሹክታ። «ቅኔ ቤት ከርሞ የመጣ።»

ሰገነት ቅዳሴው እስኪያልቅ ምንም አልሰማችም። ሰዉ ሲበተን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ጠበቀችው።

«ፊደል አያውቅም ብዬ እጁን ይዤ ያስጻፍኩት ሰውዬ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«አገሩ ሁሉ ሲስቅብኝ የነበረው ለዚህ ነዋ።»

«በአንች አይደለም የሳቁት። በእኔ ነው።»

«በአንተ ለምን ይስቃሉ?»

አለበል ወደ ሐይቁ ዞር አለ። እስከ ጆሮ ግንዱ ቀልቷል።

«ለምን እንደምመጣ ሁሉም ያውቁታል። የማታውቂው አንች ብቻ ነሽ...»

የተዘጋጀችበት ቁጣ ከአፏ ላይ ጠፋባት። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ማታ ግን ብቻዋን ሆና ስታስበው ሳቋ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አባቷ ቤት የሚያሻግራት አለበል ሆነ። በእግር በድልድዩ ዞሮ መሄድ ይቻላል። በታንኳ ግን ይቀርባል፤ ለሁለቱም ደግሞ መቅረቡ አልነበረም ቁም ነገሩ። እሷ ከወንድሞቿ ጋር አዋሳ ሐይቅ ላይ እየዋኘች እንዳደገች ታወራለታለች። እሱ ይስቅባታል።

«እዚህ እንዳትሞክሪው» አላት አንድ ቀን፣ ከውሃው ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለውን ደንገል እያሳያት። «ጉማሬዋ ወልዳለች። ግልገሏን የምታስተኛው እዚያ ውስጥ ነው። ጉማሬ ከግልገሏ ጋር ስትሆን ታንኳም ሰውም አትለይ።»

ሰገነት እጇን ከውሃው አወጣች። እሱም እጇን ያዛት። እስኪሻገሩ ድረስ አልለቀቃትም፤ ታንኳውም በአንድ እጅ ሲቀዘፍ ዞሮ ዞሮ ነው የደረሰው።

ጥምቀት አልፎ ጥቂት እንደሰነበተ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አስጠሯት።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«ግድ የለም አባቴ፣ ቆሜ ልስማዎት።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚሉትም የከበዳቸው ይመስላል።

«የመጣሽበትን ሥራ አልነቅፍም። ፊደል ማስቆጠር የእኛም ሥራ ነው። ነገር ግን አለበልን እናቱ ከሞተች ወዲህ ለብቻየ ያሳደግሁት ለክህነት ነው። የብርጓል የምትባል የቄስ ልጅ አጭቸለታለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ተክሊላቸው ይፈጸማል። አንች የከተማ ልጅ ነሽ፤ ነገ ወደምትሄጅበት ትሄጃለሽ። ልጄን ተይልኝ።»

ሰገነት አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እሱ... እሱ ያውቃል?»

«የገዛ ሠርጉን የማያውቅ ሰው አለ ልጄ?»

እጅ ነስታ ወጣች። ማደሪያዋ ስትደርስ ልብሷን በሻንጣ ከተተች። ሌላ መንደር ይቀይሩኝ ብላ ለመለመን ወሰነች።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ስትወርድ፣ አለበል ታንኳውን አዘጋጅቶ ቆሟል። ሌላ የሚያሻግር ሰው አልነበረም። ሻንጣዋን ከፊቷ አድርጋ ተሳፈረች። ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም።

«ምን በደልሁሽ?» አላት ከዳር ከራቁ በኋላ።

«ቅዘፍ።»

«ሻንጣሽን ይዘሽ ነው የምትሄጅው። ምን ሆነሻል?»

«ቅዘፍ አልኩህ።»

አለበል የቀርከሃ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ሳትነግሪኝ አልቀዝፍም።»

ታንኳው ቆመ። ከዚያ ነፋሱ ቀስ አድርጎ ይገፋው ጀመር። ሁለቱም ልብ አላሉም።

«የብርጓል ማን ናት?»

የአለበል ፊት ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«መልስህ ይኼ ነው? ማን ነገረሽ?»

«ሰገነት፣ ስሚኝ፣ እኔ እኮ...»

አልጨረሰውም። ከጭጋጉ ውስጥ ደንገሉ ድንገት ፊታቸው ተደቅኗል። አለበል አየው። መቅዘፊያውን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ፣ ከሥራቸው ውሃው አበጠና ታንኳው ከነሰዎቹ ወደ ላይ ተነሣ።

ሰገነት ስትወድቅ ብርዱ ትንፋሿን ቀማት። ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ብቻ ይጮኻል። ወዲያና ወዲህ ተወራጭታ ብቅ ስትል፣ የተገለበጠው ታንኳ በክንዷ ርቀት ተንሳፍፏል። ያዘችው። አለበልን ፈለገች።

ከታንኳው ወዲያ ነው። ከኋላው ደግሞ ቤት የሚያህል ጥቁር ነገር ከውሃው ወጣ፤ አፉ ተከፈተ። ጥርሱን አየችው። አለበል ጮኸ። ከዚያ በኋላ እሱም አውሬውም አልነበሩም፤ የሚሽከረከር ውሃ ብቻ ቀረ።

«አለበል...»

ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። ውሃው ቀላ።

መቼም የማያልቅ መሰላት። ከዚያ ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ጉማሬዋ ለቅቃዋለች። አለበል አየር ጎተተ፤ ዓይኑ ሰገነትን ሲያገኝ በቀረው ትንፋሽ ጮኸ።

«ወደ ደንገሉ እንዳትጠጊ... ግልገሏ እዚያ ነው... ታንኳውን ይዘሽ ሂጅ...»

«እግርህን አንቀሳቅስ!»

«እምቢ አለኝ። ሂጅ ብየሻለሁ!»

ሰገነት ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ነጻ ውሃ ነው። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ስለሆነ አይሰጥምም፤ እሱን ይዛ በእግሯ ብትገፋ ታመልጣለች። ከፊቷ አለበል አለ። ከአለበል ወዲያ ሁለት ጆሮዎችና ሁለት ዓይኖች ከውሃው በላይ ብቅ ብለው ወደ እሱ ይዞራሉ።

አላሰበችበትም። ታንኳውን እየገፋች ወደ እሱ ዋኘች። ክንዷ ተቃጠለ፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ዋጠች። ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ስትመጣ፣ ሰገነት ታንኳውን በሙሉ ጉልበቷ ገፍታ በአውሬዋና በአለበል መካከል አስገባችው።

ጉማሬዋ ታንኳውን ነከሰች። ደንገሉ ሲቀደድ ድምፁ እንደ ጨርቅ ነበር። ወደ ላይ እያነሣች ታርገበግበው፣ ደግማ ትነክሰው ጀመር።

ሰገነት በዚያች ፋታ አለበልን ከኋላ በሸሚዙ ኮሌታ ያዘችው። በጀርባዋ ተንጋለለች፤ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አደረገች። ልክ ወንድሞቿ አዋሳ ሆነው እንዳስተማሯት።

«አትወራጭ። ለቀቅ በል። ብቻ ተንፍስ።»

ወደ ዳር መዋኘት አትችልም፤ ዳሩ ደንገል ነው። ውሃው ግን ወደ አባይ መውጫ ይስባል። ከውሃው ጋር ሄደች። በእግሯ እየገፋች፣ ዓይኗን ከዚያ ጥቁር ጀርባ ሳትነቅል ሄደች። ታንኳው ብትንትኑ ሲወጣ አየች። ጉማሬዋ ሰጠመች። ከሥሬ ትመጣለች ብላ እግሯን ሰበሰበች... ጠበቀች... አልመጣችም።

ጀርባዋ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ከመውጫው አፍ ላይ ካሉት ዝቅ ያሉ ቋጥኞች አንዱ ነው። እየተንፏቀቀች ወጣች፤ እሱንም በብብቱ ይዛ እየጎተተች አወጣችው። ጭኑ ከላይ እስከ ጉልበቱ ተተልትሏል። ደሙ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ነጠላ ፈታች፤ ከቁስሉ በላይ ጠምጥማ በጥርሷም በእጇም ሳበችው። አሁንም ይደማል። ጉልበቷን አስደግፋ ደግማ ሳበች።

«ሰው! የሰው ያለህ!»

ከማዶ ውሻ ጮኸ። ጉማሬዋ ደግሞ ራቅ ብላ ብቅ አለችና ተነፈሰች። እየዞረች ነው።

«የብርጓልን...» አለ አለበል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ዝም በል። አትናገር።»

«ልናገር እንጅ። ካልነገርሁሽ... እምቢ ብያለሁ። ያኔ በገና በዓል ለአባቴ እምቢ ብየዋለሁ። ሌላ አለች ብየዋለሁ። እሱን ነው ልነግርሽ የነበረ።»

ሰገነት ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። ቋጠሮውን ግን አልለቀቀችም።

«እኔም እወድሃለሁ» አለችው። «ሰማኸኝ? ዓይንህን እንዳትከድን። እኔን እየኝ።»

«አይቸሽ አልጠግብሽም...»

«እንግዲያው እየኝ!»

መንደርተኛው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ በታንኳ መጣ። ከፊተኛው ታንኳ ላይ የቆሙት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ጥምጥማቸው የለም፤ ራሳቸው ባዶ ነው። ጉማሬዋ ከጫጫታው ሸሽታ ወደ ግልገሏ ተመለሰች።

«ልጄ...» አሉ መሪጌታ። እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ።

«ነፍሱ አለች አባቴ። ደሙ ግን አልቆመም። እኔ ቋጠሮውን ይዤ እገባለሁ፤ እርስዎ ራሱን ይያዙልኝ።»

መሪጌታ እንደታዘዙት አደረጉ። ባሕር ዳር ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ እሳቸው ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል፤ እሷ እጇን ከቋጠሮው አላነሣችም። ሐኪሙ «በቃ፣ አሁን ልቀቂው» ሲላት እንኳ ጣቶቿ አልፈታ ብለው አስቸገሯት።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ እግሩ ይቆረጣል አሉ። ቆይተው ደግሞ ትንሽ እንይ አሉ። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ሰው መለየት ያቃተው ጊዜ ሁሉ ሰገነት ከአልጋው ራስጌ፣ መሪጌታ ከግርጌው ነበሩ። አቶ አስናቀ ከሥራ ሲወጡ ለሁለቱም ምግብ ይዘው ይመጣሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በረደ። አለበል ላብ በላብ ሆኖ እንቅልፍ ወሰደው። መሪጌታ እንቅልፉ የሰላም መሆኑን አስተውለው ካዩ በኋላ፣ ሰገነትን ወደ በረንዳው ጠሯት።

«እምቢ ብሎኝ ነበር። አንች ስትጠይቂኝ ያን አልነገርሁሽም።»

«ነግሮኛል አባቴ።»

«መቼ?»

«ድንጋዩ ላይ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

«እንግዲህ ምን ልበልሽ ልጄ...»

«ምንም አይበሉኝ። ሲነሣ ሾርባውን እርስዎ ያጠጡት። ከእኔ እጅ ሲሆን አልጠጣም ብሎ ይሞላቀቃል።»

መሪጌታ እያለቀሱ ሳቁ።

እግሩ ተረፈ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም፤ ሲራመድ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የብርጓልም የወደደችውን መምህር አገባች፤ ለእሷም ግልግል ነበር ይባላል።

ጾሙ ሳይገባ፣ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው አቶ አስናቀ ቤት መጡ። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን አልተቀመጡም።

«መሪጌታ፣ ምነው ቆሙ?» አሉ አቶ አስናቀ።

መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸው። ቃል አይቸግራቸውም። ያን ዕለት ግን ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡ።

«ልጅዎ ልጄን ከአውሬ አፍ አውጥታ ሰጠችኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ እሷንም ስጡኝ ልል ነው የመጣሁት። አላፍርም። ለልጄ ልጅዎን ስጡኝ።»

አቶ አስናቀ ወደ ጓዳው በር አዩ። ሰገነት መጋረጃውን ይዛ ቆማለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እሺ ነው የምለው አባባ።»

መሪጌታ ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

ሠርጉ በሚያዝያ ሆነ። ሙሽራው ከባልንጀሮቹ ጋር ሲደርስ፣ ሚዜዎቹ ከደጁ ጀምሮ በትከሻቸው ሊሸከሙት ጎንበስ አሉ። አለበል አይሆንም አላቸው። ከዘራውንም ለአንዱ ሰጠው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ዘፈኑም ቀስ አለ። ሰገነት ከድንኳኑ መጨረሻ ተነሥታ ቆማ እያየችው፣ አለበል እያነከሰ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም፣ እስከ እሷ ድረስ በገዛ እግሩ ሄደ።