የተወጠረው ድር

ሐኪሟ ትርሲት እንደ ወትሮዋ ቁርሷን በልታ ምስጦቹን በእህቷ ጡት ውስጥ አሰማራች። ምስጥ የሚሏቸው በዓይን የማይታዩ ማሽኖች ናቸው፤ የሚበሉትም ካንሰሩን ሳይሆን ድሩን ነው። ድሩ ከህዋሳት ውጭ ተዘርግቶ ሥጋችንን አያይዞ የያዘው የፕሮቲን ክር ነው። ካንሰር ክንፍ የለውም፤ ያንን ክር እየጨበጠ ነው የሚሄደው። ክሩን ከበሉበት ባለበት ይቀራል። ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም፤ አጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ ያየ ሁሉ ይገባዋል።

ያሉበት ሆስፒታል ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ምስጦቹን የሚመራው ማሽን ዘበኛው ይባላል፤ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት «ሁሉም ሰላም ነው» እያለ ከርሟል። ትርሲት ዛሬ በእሱ ቃል መኖር ሰለቻትና ምስጦቹ የሚልኩትን የጡቱን ምስል ራሷ ከፈተችው።

ምስጦቹ የበሉት አግድም የተኙትን ክሮች ብቻ ነበር። የቀሩት እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው፣ ቀጥ ብለው ወደ ደም ሥሩ ተዘርግተዋል። በላያቸው የካንሰር ህዋሳት ተከታትለው ይጓዛሉ። መንገድ አጥተው ለነበሩት ጥርጊያ ተሠርቶላቸዋል። የፊተኛው ደም ሥሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ሳንባ ነው።

ዘበኛውን ነገሩን ለምን እንደደበቃት ጠየቀችው።

«ክፉ ወሬ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም» አላት፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው። አንቺም ዘመድ ነሽ፤ ብቻሽንም ነሽ።»

«ሰዎቹን መቼ ልትጠራ ነበር?»

«ጥራ አልተባልኩም።»

ዘበኛውን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው፤ መርዶ ነጋሪ በር ላይ ሲያመነታ እያዩ፣ ለታማሚ «ትንሽ እባጭ ናት» ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሰዎች። ደግነታቸውን ከነጉዱ አጉርሰውታል።

የቀሩትን ክሮች በአንድ ጊዜ ማቅለጥ ይቻላል። ነገር ግን ሥጋው ሊተረተር፣ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ከታማሚዋ አንደበት ካልሆነ ፈቃድ የለም።

እህቷ ወይንሸት መስኮቱ ሥር ተጋድማ ነበር። ትርሲትን ገና ስታያት ዓሣ የነከሳት እንደምትመስል እየሳቀች ነገረቻት። ትርሲት እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ምንም የለም እትዬ፣ ደህና ነሽ።»

ድምፁ እንደ ዘበኛው ለስላሳ ነበር። ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰማችው፤ በምስሉ ካየችው ሁሉ ይልቅ እሱ አስደነገጣት።

ወይንሸት መሳቋን ተወች። «ዘበኛውም ከግድግዳው ውስጥ ሲነጋ ሲነጋ እንዲሁ ይለኛል። ሰውነቴ ግን ሌላ ይለኛል። አንቺ እንኳ ሰው ሁኚልኝ።»

ትርሲት ዘመድ አልጠራችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ስለ ክሮቹ፣ ስለ ደም ሥሩ፣ ስለሚፈሰውም ደም ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ድምፏ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላለሰለሰችውም።

ወይንሸት ሰምታ ስትጨርስ የእህቷን እጅ ጨበጠች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «አቅልጪው።»