ለቅሶ የሚደርስ ሞተር

የትርንጎ መኪና ዛሬም ለቅሶ ደረሰች። አዳማ ውስጥ፣ በምሰሶ ላይ ከተሠራው ተንጠልጣይ መንገድ ሥር የሐዘን ድንኳን ስታይ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ጥግ ያዘችና ሞተሯን አጠፋች። አንድ ሰው ወርዶ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ እስኪመለስ ድረስ ብትለምኗት፣ ብትረግሟት ንቅንቅ አትልም።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለች ትርንጎ። "ሟቹን እኔ የት አውቀዋለሁ?"

"ምን ታደርጊዋለሽ፣ አንዴ ቆመች። ደርሼ መጣሁ" አሉ ከኋላ የተቀመጡት ጋሽ ደበሽ፣ ከዘራቸውን እያነሱ።

ጋሽ ደበሽ የኩላሊት ታማሚ ናቸው፤ ትርንጎ ደግሞ ታማሚዎችን ወደ እጥበት ማዕከል የምታመላልስ ሹፌር። የማሽኑ ተራ ካለፋቸው ሌላ ተራ እስኪገኝ እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ባለፈው እንዲያ ሆነው ሲያቃስቱ አይታ እህል አልወርድ ብሏት ነበር።

መኪናዋን የገዛችው ያገለገለች ሆና ነው። ያላት ለማጅ ሞተር ነው፤ ለማጅ ሞተር ማለት የሹፌሩን አነዳድ እያየ አመሉን የሚወርስና መኪናውን በራሱ የሚነዳ ሞተር ነው። የቀድሞው ባለቤት የእድር ዳኛ ነበሩ አሉ፤ ድንኳን አይተው ዝም ብለው አልፈው አያውቁም። እሳቸው አረፉ፣ አመላቸው ሞተሩ ውስጥ ቀረ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ትርንጎም ሌላ መንገድ ስታጣ፣ ሻጩ ድርጅት በገባው ዋስትና መሠረት ሞተሩን እንዲያስተካክልላት ጠየቀች። ድርጅቱ እምቢ አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዋስትናችን የሚሸፍነው ብልሽትን ነው" አለ የድርጅቱ ጠበቃ ፈይሰል። "ይህ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ከሰው የተማረው የሰው ጠባይ ነው። ሰው ለቅሶ ይደርሳል። ባህላችን እኮ ነው!"

ምን ይመለስለታል? ባህል ሲባል አፉ የማይዘጋ ማን አለ? ትርንጎ ግን እንዲህ በዋዛ የምትረታ ሴት አይደለችም።

"የሰው ጠባይ ነው ካለ የመንገዱ ካሜራ ይታይልኝ" አለች። "ከእኔ በፊትም፣ ከእኔ በኋላም በድንኳኑ በር ያለፉት ሁሉ ይታዩልኝ።"

ታየ። የችሎቱ ግድግዳ ወደ ምስል ተለወጠ፤ ሐዘንተኞቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አንዱ መኪና ይመጣል፣ ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ያልፋል። መስኮቱን እንኳ ዝቅ ያደረገ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የቆመችው ያቺው የትርንጎ መኪና ብቻ ናት። ፈይሰል በመሐል አንገቱን ደፋ፤ ከሚያልፉት መካከል የራሱን መኪና አይቶ ኖሯል።

"ታማሚ ይዞ ለማያውቀው ሟች የሚቆም ሰው የታለ?" አለች ትርንጎ።

ዳኛዋ ፈረዱ። ጠባዩ ሰው ላይ ስላልታየ የሰው ጠባይ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ብልሽት ነው። ድርጅቱ የሞተሩን ልማድ አጥፍቶ፣ ታማሚ ተሳፍሮ ሳለ ለማይታወቅ ሰው እንዳይቆም አድርጎ ይመልስላት።

ትርንጎ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የፍርድ ቤቱን ደረጃ ስትወርድ ግን ደስታዋ የት እንደገባ እንጃ። "ረታሁ እኮ!" አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ቢሆንም ደስ ሊላት አልቻለም።

መኪናዋ ተጠግና እንደተመለሰች ጋሽ ደበሽን ይዛ ወጣች። መንገድ ዳር ሌላ ድንኳን ተተክሏል። መኪናዋ ፍጥነቷን አልቀነሰችም።

"ቁሚ" አለች ትርንጎ፣ ሳታስበው።

"ሟቹን ያውቋቸዋል?" ስትል ጠየቀች መኪናዋ፣ ከጥገናው ይዛው በመጣችው ድምፅ፣ በትሕትና።

"አላውቃቸውም።"

"እንግዲያው እንቀጥላለን።"

ጋሽ ደበሽ አንገታቸውን አዙረው ድንኳኑ ከዓይናቸው እስኪሰወር አዩት።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ ስሞት ድንኳኔን ግቢ ውስጥ ትከሉልኝ። መንገድ ዳር ምን ይሠራል?"

"ምን ያሟርታሉ፣ ጋሽ ደበሽ!" አለች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ነበር።

እጥበት ማዕከሉ በሰዓቱ ደረሱ።