የማርዘነብ እልልታ

በወርዘን ምድር ፀሐይ ሦስት ቀን ዘግይታ የወጣችበት ዘመን ነበር። የንጋት አምላክ ካህናት ምልክቱን መርምረው፣ ከልዕልት አዜባ ማኅፀን የሚወጣ ወንድ ልጅ የወራሪውን የንጉሥ ገርዳሽን ዙፋን እንደሚሰብር ተነበዩ። ምነው አፋቸውን በያዙ ኖሮ። ገርዳሽ አስቀድሞ ካህናቱን ሰቀለ፤ ቀጥሎ የአገሩን አዋላጆች ሰብስቦ፣ ከንጋት አማኞች የሚወለደውን ወንድ ሁሉ ገና ሳያለቅስ አንቀው እንዲገድሉ አዘዘ። አያያዙንም ጢማም ወታደሮቹ አሳዩአቸው፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው።

አብዛኞቹ እያለቀሱ ማሉ። እኛም በእነሱ ቦታ ብንሆን እንምል ነበርና አንፍረድባቸው። ከሁሉ ታናሿ ማርዘነብ ግን ወደ ፊት ወጣች።

«ይህ እጅ ሰው ይቀበልበት ዘንድ ለንጋት አምላክ ተሰጥቷል» አለች። «ለንጉሥ ብዬ ቃሌን አላጥፍም።»

ሃምሳ ጅራፍ ገርፈው ሜዳ ላይ ጣሏት። ቁስሏ ሳይጠግግ ነፍሰ ጡሯን ልዕልትና ሽማግሌውን የጦር ሰው ባሻ ጎራውን አስከትላ ወደ ሽምቡል ወንዝ ተነሣች። ከወንዙ ማዶ ነፃ አገር ነው። ወዲህ ግን የገርዳሽ ቆርቃንዶች ያንዣብባሉ፤ ዓይን የሌላቸው፣ ድምፅ ሰምተው የሚነጥቁ ባለ ክንፍ አራዊት ናቸው። የሚፈስ ውሃ ብቻ አይሻገሩም።

አሥራ አንድ ቀን ትንፋሻቸውን ውጠው ተጓዙ። የፈሩት ይደርሳል፤ ወንዙ ከኮረብታው ሥር እየታያቸው ልዕልቲቱን ምጥ ያዛት። ከቁልቋል ሥር ሻሿን ነክሳ፣ ትንፍሽ ሳትል ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ግን የገርዳሽን አዋጅ አልሰማምና አለቀሰ። ወዲያው ከሩቅ ሰማዩ በክንፍ ጠቆረ።

ጡት ቢሰጡት ዝም ይል ነበር። ነገር ግን በንጋት አማኞች ሕግ ወንድ ልጅ ከእናቱ በቀር በሌላ ሰው ሰባት እልልታ ሳይባልለት ጡት አይቀምስም፤ ያልተባለለት ልጅ ነፍሱ ደጅ ቆማ ትቀራለች። ባሻ ጎራው ሕጉ ለዛሬ እንዲቀር በሹክሹክታ ለመናት። ማርዘነብ ፈርታለች። ነገር ግን የተሰቀሉትን ካህናት አሰበችና እምቢ አለች።

«ባሻ፣ እርስዎ እናትና ልጁን ይዘው ይሻገሩ። እኔ ከኮረብታው ጫፍ እልል እላለሁ። አራዊቱ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ልጁም ይሰማል።»

«እኔ ልሂድ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ።»

«የወንድ ጉሮሮ ለፉከራ ነው፣ ለእልልታ አልተፈጠረም። የእኔ ክንድ ደግሞ ሁለቱን አይሸከምም።»

ሽማግሌው ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ልዕልቲቱን አዘላት፤ እሷም ልጇን ከደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ማርዘነብ ጫፉ ላይ ቆማ የመጀመሪያውን እልልታ ለቀቀችው። ቆርቃንዶቹ በአንድነት ዞሩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስትል ባሻ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። በአራተኛው ትከሻዋን ያዟት። አምስተኛውን ወድቃ አለችው፤ ስድስተኛውን ደም እየተፋች። ሰባተኛው ግን አልወጣም፤ ጉሮሮዋን ቧጥጠውት ነበር። ድምፅ ሲያጡ ትተዋት ተነሡ።

ያ ልጅ በሃያ ዓመቱ የገርዳሽን ዙፋን ሰበረ፤ ወርዘንም ነፃ ወጣች። ማርዘነብ ይህን አላየችም። ያየችው ልዕልቲቱን ነው፤ ማዶ ደርሳ፣ ጡቷን አውጥታ፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ታቅፋ ወደ ኮረብታው እያየች ትጠብቃለች። ስድስት ብቻ ነው የሰማችው። ማርዘነብ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ የለም። ከቁስሏ ሁሉ ይህ አመማት።

ያን ጊዜ ከማዶ አንድ እልልታ ተነሣ። ሻካራ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ፤ እልል ብሎ የማያውቅ ሰው እልልታ ነው። ባሻ ጎራው ከነጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሞ ነበር።

የወንድ እልልታ ይቆጠር እንደሆነ የሚጠየቅ ካህን በአገሩ አልቀረም። አዋላጇ እሷ ነችና ራሷ ፈረደች፤ የቀረላትን እጅ ከፍ አድርጋ፣ አጥቢው ብላ ለልዕልቲቱ ምልክት ሰጠች።

ልጁ ዝም አለ።